ጋላክሲውን ከነሰማዩ እንዳትመዝኑት

ቅቤ የሸመተ ሰው ያውቀዋል፤ ሻጩ ባዶውን ዕቃ አስቀድሞ ካልመዘነው የዕቃውም ክብደት እንደ ቅቤ ይከፈልበታል። በሩቅ ዘለላ ውስጥ ያለ ጋላክሲ ስንለካ ዕቃው ሰማዩ ነው። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይብሳል፤ የጋላክሲው ጠርዝ ብርሃን ከሰማዩ ብርሃን መቶ ጊዜ ሊያንስ ይችላል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለመመረቂያ ሥራቸው የሀብል ምስል አውርደው «ከዚህ በኋላስ?» ለሚሉ ተማሪዎችና በትርፍ ጊዜያቸው ከሥነ ፈለክ ጋር ለተወዳጁ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ ይዘውልኝ የሚመጡት ሰንጠረዥ ይመሳሰላል፦ ሁለት መቶ ጋላክሲ፣ ለእያንዳንዱ ድምቀት፣ መጠንና ቅርጽ፣ ከየቁጥሩ ጎን ለማመን የሚከብድ ትንሽ የስህተት መጠን። ቁጥሩ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ «ፕሮግራሙ አወጣው» ይሉኛል። ፕሮግራሙ እኮ ምን ጊዜም ያወጣል። ባዶ ሰማይ ብትሰጡትም ጋላክሲ አድርጎ ይለካላችኋል።

ምሳሌዬ በሑት ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ የሚገኘው ሲኤል 0024+1654 የሚባለው የጋላክሲ ዘለላ ነው። ሬድሺፍቱ 0.395 ነው፤ ዛሬ የምናየው ብርሃኑ ከተነሣ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሀብል ምስሉ ለማንም ሰው በነፃ ይገኛል። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ካሉ የስፔስ ሳይንስ ተመራማሪዎች መካከል የዚሁኑ ዘለላ ጋላክሲዎች ቅርጽ አጥንተው ያሳተሙ ስላሉ፣ ስትጨርሱ ውጤታችሁን የምታስተያዩበት የአገር ልጅ ሥራ አለ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል፤ ሊነክስ ወይም ማክ ቢሆን ይቀላል፤ ዊንዶውስ ከሆነ በውስጡ ሊነክስ ጫኑበት። ምስል ለማየት ዲኤስ9፣ ጋላክሲዎችን ለቅሞ ለማውጣት ሶርስ ኤክስትራክተር፣ ሞዴል ለማልበስ ጋልፊት፣ የቀረውን ለማያያዝ ፓይተን ከነአስትሮፓይና ፎቱቲልስ። ሁሉም ያለ ክፍያ ይወርዳሉ። በተጨማሪ የወረቀት ደብተር ያዙ፤ ለምን እንደሆነ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ትረዱታላችሁ።

1. ፊልተሩን ከሬድሺፍቱ ጋር አጋጥሙ

ሕዋው ሲለጠጥ ብርሃንም አብሮ ይለጠጣል። ሬድሺፍቱ 0.395 ከሆነ እያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት በ1.395 ተባዝቶ ይደርሰናል። በዕድሜ የገፉ ኮከቦች የሞሉበት ጋላክሲ ብርሃን 400 ናኖሜትር ላይ ደረጃ አለው፤ ከዚያ ወደ ሰማያዊው በኩል ብርሃኑ ድንገት ያሽቆለቁላል። በዚህ ዘለላ ያ ደረጃ 558 ናኖሜትር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ኤፍ475ደብሊው የተባለው ፊልተር ከደረጃው በታች፣ ኤፍ775ደብሊው ደግሞ ከደረጃው በላይ ይቆማሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የድምቀት ልዩነት የጋላክሲውን ቀለም ጥርት አድርጎ ይነግራችኋል።

መጠንና ቅርጽ የምትለኩት በኤፍ775ደብሊው ነው። 775ን ለ1.395 ስታካፍሉ 556 ይመጣል፤ ይህም በአቅራቢያችን ያሉ ጋላክሲዎች ከሚለኩበት ቪ ከሚባለው ፊልተር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ መገጣጠም በየዘለላው አይገኝም፤ ሲገኝ አትለፉት።

የተለመደው ስህተት ግልጽ ነው። የቅርቡን ጋላክሲ በቀይ፣ የሩቁን በሰማያዊ ብርሃን አይቶ «ጋላክሲዎች ከዘመን ጋር ቅርጻቸው ተለወጠ» ማለት። ሰማያዊው ብርሃን አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱባቸውን ጉብታዎች አጉልቶ ስለሚያሳይ ደህና የነበረው ጋላክሲ የተበጣጠሰ ይመስላል። የተለወጠው ፊልተሩ ነው።

ከምድር ላይ የተነሣ ምስል አይበቃም ወይ? ለድምቀት ብቻ ከሆነ ሊበቃ ይችላል። በዚህ ርቀት 1 አርክሰከንድ 5.33 ኪሎፓርሴክ ነው፤ አንድ ኪሎፓርሴክ 3,260 የብርሃን ዓመት ገደማ መሆኑን ያዙልኝ። ጥሩ በሚባል ሌሊት እንኳ አየሩ ምስሉን 0.8 አርክሰከንድ ያህል ያደበዝዘዋል፤ ይህ ከ4 ኪሎፓርሴክ በላይ ነው። ልትለኩት የምትፈልጉት ጋላክሲ ግማሽ ራዲየሱ (ግማሹን ብርሃን የሚይዘው ራዲየስ) 3 ኪሎፓርሴክ ቢሆን በብዥታው ውስጥ ሰጠመ ማለት ነው።

2. ፋይሉን አውርዱ፣ ራስጌውን አንብቡ

የሀብል ማኅደር ማስት ይባላል። የዘለላውን ስም ጻፉ፣ ኤሲኤስ የተባለውን ካሜራ ምረጡ፣ የፋይል ስማቸው በዲአርሲ የሚያልቁትን ውሰዱ። እነዚህ የተለያዩ ምስሎች ተደራርበው የተሠሩና፣ በጨረር የተጎዳው ሴንሰር ኤሌክትሮኖችን እየጎተተ የሚተወው ጭራ የታረመላቸው ናቸው። አብሮ የሚመጣውን የክብደት ካርታም አትጣሉት፤ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ ምንም ሳትለኩ የፋይሉን ራስጌ ክፈቱ። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ የምስሉ አሃድ፣ የተጋላጭነት ጊዜው (ካሜራው ብርሃን የሰበሰበበት ጊዜ)፣ ፎትፍላምና ፎትፕላም። ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሰከንድ የተቆጠረውን ኤሌክትሮን ወደ ማግኒቲዩድ የሚቀይረውን ዜሮ ነጥብ ታሰላላችሁ፦ የፎትፍላምን ሎጋሪዝም በ−2.5 አባዙ፣ ከዚያ ላይ የፎትፕላምን ሎጋሪዝም በ5 አባዝታችሁ ቀንሱ፣ በመጨረሻ 2.408 ቀንሱ። ለኤፍ775ደብሊው 25.65 አካባቢ ይወጣል። ከጓደኛችሁ ኮድ ላይ አትገልብጡት፤ የካሜራው ሴንሰር የሙቀት መጠን እ.ኤ.አ. በ2006 ስለተቀየረ የእርሱ ምስል ከዚያ በኋላ፣ የእናንተው ከዚያ በፊት የተነሣ ሊሆን ይችላል።

አሃዱን ሳላነብ እኔ ሦስት ሳምንት አጥቻለሁ። ምስሉ «ኤሌክትሮን በሰከንድ» ነበር፤ ጋልፊት ደግሞ የኖይዙን መጠን በራሱ እንዲያሰላ ስትተዉት አጠቃላይ ቆጠራ የተሰጠው ይመስለዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ኤሌክትሮኖች የተሰበሰቡበትን ፒክስል አንድና ሁለት ብቻ ያለበት አድርጎ ስላየው ኖይዙን አጋነነው። የሞዴሉ መግጠሚያ ቁጥር፣ ኪስኩዌር የምንለው፣ 1 አካባቢ መሆን ሲገባው ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ምናምን ሆኖ ወጣ። ትንሽ ቁጥር ጥሩ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው፤ አንዳቸውም አልተጠራጠሩም። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር፦ ምስሉን በተጋላጭነት ጊዜው ማባዛት።

3. ዓይናችሁን አስቀድሙ

አንድ ከሰዓት በኋላ ምስሉን በዲኤስ9 ከፍታችሁ ብቻ ተመልከቱት። የብርሃን ሚዛኑን ሎጋሪዝም ላይ አድርጉት፤ ያለዚያ ደማቁን እንጂ ደብዛዛውን አታዩም። የኮከቦችን እሾህ፣ የምስሉን ዳርቻ ሻካራነት፣ የሳተላይት ጭረት ካለ እርሱንም አክብቡና በፋይል አስቀምጡ።

በዚህ ዘለላ መካከል አካባቢ ሰማያዊ ቅስቶች ታገኛላችሁ። የዘለላው አባላት አይደሉም። ከጀርባው ያለ አንድ ጋላክሲ ብርሃኑ በዘለላው ስበት ታጥፎ በበርካታ ቦታ የታየ ነው። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም፤ ካላከበባችሁት አንዱን ጋላክሲ ደጋግሞ፣ ያውም ቅርጹ በተበላሸበት ሁኔታ ለክቶ ይሰጣችኋል።

4. ጋላክሲዎቹን ልቀሙ

ሶርስ ኤክስትራክተርን አንድ ጊዜ ብቻ አሂዶ መተው ዘለላ ላይ አያዋጣም። የማወቂያ ደረጃውን ዝቅ ብታደርጉ ትልቁ ስፓይራል ክንዶቹ እየተገነጠሉ አምስት ጋላክሲ ይሆናል፤ ከፍ ብታደርጉ ትንንሾቹ ይጠፋሉ። ባለሙያዎች ሁለት ጊዜ ያሂዱታል፦ መጀመሪያ «ቀዝቃዛ» በሚባለው አካሄድ ትልልቆቹንና ደማቆቹን ሳይገነጣጥሉ መያዝ፣ ቀጥሎ «ሙቅ» በሚባለው ደብዛዞቹን መልቀም፤ ከሙቁ ዝርዝር ውስጥ በቀዝቃዛው ጋላክሲ ክልል የወደቀውን መሰረዝ።

ከዚያ የትኛው ፒክስል የየትኛው ጋላክሲ እንደሆነ የሚያሳየውን የክፍፍል ካርታና ዋናውን ምስል ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። ቁጥር ከማየት በፊት ይህን ማየት ይሻላል። ፕሮግራሙ የሚሰጠውን አውቶ የተባለውን ድምቀት ለመነሻ ያዙት እንጂ የመጨረሻ አታድርጉት፤ ብርሃናቸው ወደ ውጭ ረጅም ጭራ ባላቸው ጋላክሲዎች ላይ አንድ አሥረኛ ያህሉን ብርሃኑን ከሚደምርበት ሞላላ ውጭ ይተወዋል።

5. የኮከብ አሻራ ውሰዱ

ነጥብ የሆነ ኮከብ እንኳ በሀብል ምስል ላይ ነጥብ ሆኖ አይወጣም፤ 0.1 አርክሰከንድ ያህል ይሰፋል፣ በኤሲኤስ ሁለት ፒክስል ማለት ነው። ይህ ስፋት ፒኤስኤፍ ይባላል። የጋላክሲውን እውነተኛ ቅርጽ ለማግኘት ጋልፊት ሞዴሉን በዚህ አሻራ አደብዝዞ ከምስሉ ጋር ያስተያያል። አሻራው ከተሳሳተ የጋላክሲው መካከል ይሳሳታል።

አሻራውን ከራሱ ከምስሉ ውሰዱ። በአግድም ድምቀት፣ በቁም መጠን አድርጋችሁ ሁሉንም ዕቃዎች ስትስሉ ኮከቦቹ ከታች ጠባብ መስመር ሠርተው ይታያሉ። ከመስመሩ ላይ ሴንሰሩን ያላጠገቡ፣ ጎረቤት የሌላቸው፣ ከዳር የራቁ ኮከቦችን ምረጡ፤ አሥር ካገኛችሁ ጥሩ ነው። መካከላቸውን አጋጥማችሁ፣ ሰማያቸውን ቀንሳችሁ ደርቧቸው። በሞዴል የተሠራ አሻራ መጠቀምም ይቻላል፤ ነገር ግን ምስሉ ባለፈበት የመደራረብ ሂደት እርሱም ማለፍ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋና ከምስሉ የሰላ አሻራ ይዞ ይቀራል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ድርቡ ውስጥ ያላስገባችሁትን አንድ ኮከብ በአሻራችሁ ሞዴል አድርጋችሁ ቀንሱት። በቦታው ጥቁርና ነጭ ቀለበት ከቀረ ወደ ምርጫው ተመለሱ።

6. ባዶውን ዕቃ መዝኑ

ከሁሉም እርምጃ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። አንድ ጋላክሲ ይዘን በቁጥር እንየው።

ድምቀቱ 22 ማግኒቲዩድ ነው እንበል። በ25.65 ዜሮ ነጥብ ይህ በሰከንድ 29 ኤሌክትሮን ያህል ነው፤ ከጋላክሲው የሚደርሰን በጠቅላላው ይኸው ነው። ብርሃኑን 3 አርክሰከንድ ራዲየስ ባለው ክብ ውስጥ ብንደምር ክቡ ከ11,000 በላይ ፒክስል ይይዛል። አሁን ሰማዩን በየፒክስሉ በሰከንድ 0.0003 ኤሌክትሮን አሳንሰን ገመትነው እንበል። ይህ ከሰማዩ ብርሃን አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ ምስሉን በዓይን ብታዩት ምንም ለውጥ የለውም። ከ11,000 በላይ በሆነው የፒክስል ብዛት ሲባዛ ግን 3.4 ኤሌክትሮን ይሆናል። ከ29 ላይ 3.4! ጋላክሲው በ12 በመቶ ደመቀ።

ጉዳቱ በድምቀት ብቻ አያበቃም። የተጨመረው ብርሃን ያረፈው ጋላክሲው ራሱ ደብዛዛ በሆነበት በጠርዙ ላይ ስለሆነ ሞዴሉ «ይህ ጋላክሲ ሰፊ ጭራ አለው» ብሎ ይደመድማል። ራዲየሱ ያድጋል፤ ስምንተኛው እርምጃ ላይ የምናገኘው የቅርጽ ቁጥርም ከፍ ይላል። አንድ ስህተት፣ ሦስት የተበላሸ ዓምድ፤ ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ስለሚሳሳቱ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ይመስላሉ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በጋላክሲው ዙሪያ ሞላላ ቀለበቶችን ከውስጥ ወደ ውጭ ዘርጉ፤ ጎረቤቶቹን በሙሉ ሸፍኑ፤ በየቀለበቱ የቀሩትን ፒክስሎች መካከለኛ ዋጋ ውሰዱ። ዋጋው ከቀለበት ቀለበት እየወረደ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ መውረዱን ያቆማል። ሰማዩ እዚያ ነው። ሶርስ ኤክስትራክተር በየአካባቢው የሚገምተውን ሰማይ ለዚህ አትመኑት፤ በትልቅ ጋላክሲ አጠገብ የጋላክሲውን ጭራ ሰማይ ነው ብሎ ይቀንስላችኋል።

ማረጋገጫውን ግራፍ በወረቀት ላይ ብትስሉት እመርጣለሁ። በአግድም ራዲየስ፣ በቁም እስከዚያ ራዲየስ ድረስ የተደመረ ብርሃን። መስመሩ ወጥቶ ወጥቶ እንደ አምባ ከተደላደለ ሰማዩን አግኝታችኋል። ያለ ማቋረጥ ሽቅብ ከቀጠለ ሰማዩን አሳንሳችሁ ቀንሳችኋል፤ አምባው ጫፍ ደርሶ ወደ ታች ካዘቀዘቀ አብዝታችኋል።

በዘለላው መካከል ይህም አይበቃም። እዚያ ደማቅ ሞላላ ጋላክሲዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ የየትኛውም ጋላክሲ ንብረት ያልሆኑ፣ በስበት ተነጥቀው የቀሩ ኮከቦች ብርሃን ይንሳፈፋል። ለትንሹ ጋላክሲ የትልቁ ጭራ ሰማዩ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተል ያዙ፦ መጀመሪያ ትልልቆቹን ሞዴል አድርጋችሁ ከምስሉ ቀንሱ፣ በቀሪው ምስል ላይ ትንንሾቹን ለኩ፣ ከዚያ ትንንሾቹን ቀንሳችሁ ወደ ትልልቆቹ ተመለሱ። ሁለት ዙር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሰማዩን ጋልፊት ከጋላክሲው ጋር አብሮ ይፈልገው ወይስ እኛ ለክተን እንቆልፍበት? ነፃ መተውን የሚመርጡ አሉ፤ ሰፊ ቁራጭ ምስል ካላችሁና አካባቢው ባዶ ከሆነ ትክክል ናቸው። ዘለላ ውስጥ ግን ባዶ አካባቢ ከየት ይመጣል? እኔ እቆልፋለሁ፤ ከዚያ ሰማዩን በስህተቱ መጠን ከፍና ዝቅ አድርጌ እንደገና አስኬደዋለሁ። በሦስቱ ውጤቶች መካከል ያለው ርቀት፣ ፕሮግራሙ ከሚጽፈው የስህተት መጠን ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

7. ማስክና የኖይዝ ምስል

ከክፍፍል ካርታው ላይ የማትለኳቸውን ሁሉ አስፍታችሁ ሸፍኑ፤ ፕሮግራሙ የሚያስምረው ድንበር የጋላክሲን ጭራ ውጭ ስለሚተው በጥቂት ፒክስል ግፉት። የኖይዙን ምስል ከክብደት ካርታው ላይ የሰማዩን፣ ከምስሉ ላይ የጋላክሲውን ድርሻ ደምራችሁ ሥሩ። ምስሎች ሲደራረቡ የአንዱ ፒክስል ኖይዝ ወደ ጎረቤቱ ስለሚሄድ ከባዶ ሰማይ ላይ በፒክስል የምትለኩት ኖይዝ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ባዶ ቦታ ላይ የተለያየ ስፋት ያላቸው ክቦች ጥላችሁ የድምራቸውን መዋዠቅ ብትለኩ ትክክለኛውን ታገኛላችሁ።

8. ሞዴሉን አልብሱ

ሴርሲክ የሚባለው ቀመር የጋላክሲው ብርሃን ከመካከል ወደ ጠርዝ እንዴት እንደሚወርድ በአንድ ቁጥር ይገልጻል፤ ቁጥሩ ኤን ይባላል። ኤን 1 ሲሆን ዲስክ ነው፤ 4 ሲሆን መካከሉ ሾጣጣ፣ ጠርዙ ረጅም የሆነ የሞላላ ጋላክሲ ዓይነተኛ ቅርጽ ነው። ከእርሱ ጋር አጠቃላይ ድምቀት፣ ግማሹን ብርሃን የሚይዝ ራዲየስ፣ የወርድና የቁመት ምጥጥን፣ የዘንበልታ አንግል ይወጣሉ።

መነሻ ቁጥሮችን ከሶርስ ኤክስትራክተር ውሰዱ፤ ለኤን 2 ወይም 2.5 ስጡት። የተቆረጠው ምስል ከጋላክሲው በጣም የሰፋ ይሁን። የሚነካካ ጎረቤት ካለ አትሸፍኑት፤ አብራችሁ ሞዴል አድርጉት። ማስክ የጎረቤቱን መካከል እንጂ ጭራውን አይሸፍንም።

ውጤቱ ሲወጣ ቁጥሩን ሳይሆን ቀሪውን ምስል መጀመሪያ እዩ። የስፓይራል ክንድ ቀርቶ ከታየ ችግር የለም፤ ሞዴሉ ለስላሳ ስለሆነ ክንድ አያውቅም። መካከል ላይ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ከቀረ ወደ አሻራው፣ በዙሪያው ሰፊ ቀለበት ከቀረ ወደ ሰማዩ ተመለሱ። ከዚያ ቁጥሩን። ኤን የፈቀዳችሁለት ጣሪያ ላይ፣ ለምሳሌ 8 ላይ፣ ተለጥፎ ከቀረ መልስ አይደለም። ራዲየሱ ከግማሽ ፒክስል ካነሰ መልስ አይደለም። ጋልፊት ራሱ ያልተማመነበትን ቁጥር በኮከብ ምልክት ከግራና ከቀኝ ያጥረዋል፤ ሰንጠረዡን በኮድ የሚያነቡ ሰዎች ምልክቱን አጥፍተው ቁጥሩን ሲወስዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደብተሩ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የጣላችሁትን እያንዳንዱን ጋላክሲ ከነምክንያቱ ጻፉ፤ በኋላ «ለምን ትንንሾቹ አነሱ?» ስትባሉ መልሱ እዚያ አለ። ደግሞም ለሁለት መቶ ጋላክሲ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድ ኮድ ስትተዉ አንዱ ባለቀ ቁጥር ውጤቱ ወደ ፋይል እንዲጻፍ አድርጉ። መብራት የሚጠፋው 190ኛው ላይ ሲደርስ ነው።

9. አባሉን ከመንገደኛው ለዩ

በምስሉ ላይ ያለው ሁሉ የዘለላው ቤተሰብ አይደለም። የተሻለው ማስረጃ የእያንዳንዱ ጋላክሲ ሬድሺፍት በስፔክትረም የተለካ እንደሆነ ነው፤ ለዚህ ዘለላ በብዛት ታትሟል። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ዋናው ክምችት 0.395 ላይ ሲሆን ከፊቱ 0.381 ላይ ሌላ ትንሽ ክምችት አለ፤ ሁለቱ በእኛ የእይታ መስመር ላይ የተጋጩ ናቸው። የፍጥነት ልዩነታቸው በሰከንድ 3,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። የምትቀበሉትን የሬድሺፍት መስኮት ካሰፋችሁት ሁለቱም ይገባሉ፤ ካጠበባችሁት አንዱ ይቀራል። ሁለቱም ምርጫ ይቻላል፤ የትኛውን እንደመረጣችሁ ሳትጽፉ ማለፍ ግን አይቻልም።

ስፔክትረም ለሌላቸው ቀለሙን ተጠቀሙ። በአግድም ድምቀት፣ በቁም የኤፍ475ደብሊው እና የኤፍ775ደብሊው ልዩነት ስትስሉ ያረጁት አባላት ቀይ መስመር ሠርተው ይሰለፋሉ። ሰማያዊዎቹን አባላት ይህ መንገድ እንደሚያስቀራቸው አትርሱ። ቀለሙን ስትለኩ ሁለቱንም ፊልተር በአንድ ዓይነት ክብ ውስጥ ለኩ።

10. ወደ ኪሎፓርሴክ ተርጉሙ

ጋልፊት ይህን ሰጠን እንበል፦ ድምቀት 20.5፣ ግማሽ ራዲየስ በረጅሙ ዘንግ 0.75 አርክሰከንድ፣ ምጥጥን 0.64። የእኛን ጋላክሲ አቧራ ድርሻ አስቀድማችሁ ቀንሳችኋል ብዬ ልያዝ።

መጠኑ፦ የምጥጥኑ ካሬ ሥር 0.8 ነው፤ 0.75 ሲባዛ በ0.8፣ 0.60 አርክሰከንድ። በ5.33 ስታባዙት 3.2 ኪሎፓርሴክ። ይህን የክብ ማስተካከያ የሚያደርግም የማያደርግም ስላለ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ከማነጻጸራችሁ በፊት የእርሱ የትኛው እንደሆነ አጣሩ።

ፍጹም ድምቀቱ፦ ሀብል ቁጥር 70፣ የቁስ ድርሻ 0.3 ስንወስድ የርቀት ሞጁሉ 41.65 ነው። ፊልተራችን ቪ ላይ ስለገጠመ የሚቀረው የመለጠጥ እርማት ብቻ ነው፤ የ1.395 ሎጋሪዝም በ2.5 ሲባዛ 0.36። 20.5 ሲቀነስ 41.65 ሲደመር 0.36፣ −20.8 ማለት ነው።

የገጽ ድምቀቱ፦ በግማሽ ራዲየሱ ውስጥ አማካዩ 21.39 ማግኒቲዩድ በካሬ አርክሰከንድ ይወጣል። ሕዋ በመለጠጡ ምክንያት የገጽ ብርሃን በ1.395 አራተኛ ርቢ ይደበዝዛል፤ 3.8 እጥፍ፣ ወይም 1.45 ማግኒቲዩድ። ብዙ ሰው 1.45ን ብቻ ቀንሶ ይሄዳል። ከላይ ለድምቀቱ የደመርናት 0.36 እዚህም መግባት አለባት፤ ያለዚያ አንዱን ዓምድ አርማችሁ ሌላውን ሳታርሙ ቀራችሁ። 21.39 ሲቀነስ 1.45 ሲደመር 0.36፣ 20.30።

11. ሞዴል ለማይለብሱት

የተጋጩና የተጎሳቆሉ ጋላክሲዎች ሴርሲክ አይለብሱም። ለእነርሱ ስታትሞርፍ የተባለው የፓይተን ፕሮግራም ያለ ሞዴል ይለካል። ሁለት መለኪያዎችን ካወቃችሁ ሌላው ይቀላል። ክምችት፣ 80 በመቶውን ብርሃን የሚይዘው ራዲየስ 20 በመቶውን ለሚይዘው ተካፍሎ፣ የውጤቱ ሎጋሪዝም በ5 ሲባዛ ነው፤ ለዲስክ 2.7፣ ለሞላላ 5.2 አካባቢ ይወጣል። አለመመጣጠን ደግሞ ምስሉን 180 ዲግሪ አዙሮ ከራሱ ላይ በመቀነስ ይገኛል። የሰማዩ ኖይዝ ራሱ የማይመጣጠን ስለሆነ ድርሻውን ካልቀነሳችሁ ደብዛዛ ጋላክሲ ሁሉ የተጋጨ መስሎ ይታያል።

12. መልሱን የምታውቁትን ጋላክሲ ትከሉ

አሁን የተሟላ ሰንጠረዥ አላችሁ፤ ምን ያህል እንደምታምኑት ግን ገና አልታወቀም። ድምቀቱን፣ ራዲየሱንና ኤኑን ራሳችሁ የመረጣችሁለት አንድ ሺህ የውሸት ጋላክሲ በኮምፒውተር ሥሩ፤ በአሻራችሁ አደብዝዟቸው፣ የራሳቸውን ኖይዝ ጨምሩባቸው፣ ከዚያ በእውነተኛው ምስል ላይ ትከሏቸው። ግማሾቹን በባዶ ቦታ፣ ግማሾቹን በዘለላው መካከል። በአንድ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ብቻ ትከሉ፤ ያለዚያ ራሳቸው መጨናነቅን ይፈጥራሉ። ከዚያ ከአራተኛው እርምጃ ጀምራችሁ ሁሉንም እንደ አዲስ አስኬዱ። አቋራጭ አትፈልጉ፤ ቦታቸውን ስለምታውቁ የመልቀሙን እርምጃ ብታስዘልሏቸው የጠፉት ስንት እንደሆኑ በፍጹም አታውቁም።

የተከላችሁትን በአግድም፣ የተለካውን በቁም አድርጋችሁ ሳሉ። ደማቆቹ በመስመሩ ላይ ይሰለፋሉ። ወደ ደብዛዛው ስትወርዱ መበተን ይጀምራሉ፤ ኤናቸው ከፍ ያሉት ጭራቸው ሰማዩ ውስጥ ስለሚሰጥም አንሰውና ደብዝዘው ይለካሉ። መበተኑ ከምትፈልጉት ትክክለኛነት የሚያልፍበትን ማግኒቲዩድ ምልክት አድርጉበት፤ የሰንጠረዣችሁ መጨረሻ እዚያ ነው። መካከል ላይ የተተከሉት ከባዶው ቦታ ቀድመው መበተናቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ሁለት ወሰን ይኖራችኋል።

በመጨረሻው ሰንጠረዥ ላይ ከጋልፊት የስህተት ዓምድ ጎን ከዚህ ፈተና የተገኘውን አዲስ ዓምድ ጨምሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ከበለጠ አትደንግጡ፤ የሚታተመው እርሱ ነው።